ቆቦ ድረስ የወሰድኩት የቢላዋ መሳያ

ቆቦን አይታችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ደሴ ሥጋ ቤቴ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ቆቦማ እሳት ነው አሉ» ከማለት ሌላ ስለ አገሩ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ያንን የኅዳር ጉዞዬን ከመነሻው እስከ መድረሻው ልጻፈው ብያለሁ። በደርግ ጊዜ የማይነገር ነገር ስለነበረበት ዝም ብዬ ኖርኩ፤ ዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ መንገዱን በሙሉ ግራ እንደገባኝ ነው የሄድኩት። መንገዱ አልጠፋኝም፣ ጉዳዬ ነበር የጠፋኝ።

ነገሩ በስልክ ተጀመረ። ታናሽ እህቴ ዘነቡ ቆቦ ባል አግብታ ትኖራለች፤ እናታችንም እሷው ዘንድ ናት። የሁላችን ታናሽ አራጋው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ መርዶም የለም። አንድ ቀን የጥሪ ወረቀት ደረሰኝና ቴሌ ሄጄ ስጠብቅ ቆይቼ ከዘነቡ ጋር አገናኙኝ። መስመሩ ይንጫጫል። «ጋሼ፣ ለሚካኤል ስለት ይዘህ ድረስ። የእማዬን። ገባህ?» አለችኝ። ገባኝ አልኳት። «ገባህ አይደል?» ብላ ደገመችና መስመሩ ተቋረጠ። ከመቋረጡ በፊት ግን ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። እኛ ቤት ቀኑን ሙሉ «ስለቱን አቀብለኝ፣ ስለቱ ዶለዶመ» ሲባል ነው የሚዋለው። አባታችን ሲሞት ባለ ቀንድ እጀታውን ቢላዋውን እማዬ ለእኔ ሰጥታኛለች፤ «የእማዬን» ያለችው እሱን ነው አልኩ። ኅዳር ሚካኤል፣ ቢላዋና ለቅሶ ሲገጣጠሙ የሚሰጡት ትርጉም አንድ ነው፤ ተስፋ ቆርጠው የአራጋውን ተዝካር ሊያወጡ ነው። ተዝካር ከተባለ ከብት ይታረዳል፣ ከብት ከታረደ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን የድግሱን ሥጋ ቤት ይገባል። ሚስቴ ትርንጎ ይህን ስነግራት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ አለች።

ቢላዋው አለ፤ ያስቸገረኝ መሳያው ነው። የሱቄ መሳያ ድንጋይ በእንጨት ላይ የተተከለ ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ቆቦ መሳያ አይጠፋም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ በሰው መሳያ አልስልም፣ ጠባዬ ነው። እንግዲህ ለመንገድ የሚሆን ትንሽ መሳያ ልምረጥ ብዬ ተነሳሁ፣ ምክር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ይበልጥ አደናገረኝ። ጎረቤቴ አናጢው ሞረድ ያዝ፣ ኪስ ይገባል አለኝ። ሞረድ ቢላዋ ይበላል፤ የአባቴ ቢላዋ ደግሞ ከድሮውም መንምኗል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መሳያ ዘንጉን ውሰድ አለኝ። ዘንግ ያለውን ስለት ያነቃል እንጂ የዶለዶመን አያድንም፤ በዚያ ላይ ርዝመቱን ያየ ወታደር ምን እንደሚመስለው እግዜር ይወቀው። ትርንጎ ደግሞ «ስኒ ገልብጠህ በቂጡ ብትስለውስ? በየሄድክበት ስኒ አይጠፋም» አለች። እውነቷን ነው፣ በስኒ ቂጥ ይሳላል። እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ።

ፒያሳ ያለው ባለ ሱቅ ከአሰብ የመጣ ነው ብሎ አንድ ዕቃ አሳየኝ። ሁለት ትንንሽ ክብ ድንጋዮች ተጣብቀው መሃላቸው ቢላዋ ይሳባል። አንዴ ስስበው እንደ ምላጭ ሆነ፣ ገዛሁት። ቤት ወስጄ ሥጋ ስቆርጥበት ስለቱ ጥርስ አውጥቶ ሥጋውን ይጎትታል። መለስኩለት። «አንተ ጎትተህ ነው፣ ቀስ ብለህ መሳብ ነበረብህ» አለኝ። ሳሙና የሚያክል ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ ሰጠኝ፤ አንዱ ፊት ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ፣ ከውሃ በቀር ምንም አይፈልግም። እሱን ወሰድኩና መንገድ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል ብዬ አስቤ ልመልሰው ሄድኩ። ደግሞ ሐሳቤን ቀይሬ ያንኑ ይዤ ወጣሁ። ባለ ሱቁ «ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይመላለስም» አለኝ። ልክ ነው። የወንድሜን ተዝካር ላለማሰብ ነበር በድንጋይ የተጨቃጨቅኩት።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሲጻፍልኝ ጸሐፊው ምክንያቱን ጠየቀኝ። ለወንድሜ ተዝካር አልኩት። «መርዶው መጣ?» አለ። አልመጣም። «ታዲያ?» እኔ እንጃ። እንዳልኩት ጻፈው።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከደሴ ወልዲያ

ደሴ የኅዳር ጧት አጥንት ድረስ ይበርዳል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ቢላዋውን በሰገባው፣ መሳያውን በጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ወንበሬ ከኋላ ጎማው ላይ ነበር። እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ነው የሄድኩት። ሐይቅ እንዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላየሁትም፤ ያየሁት የፊተኛውን ሰውዬ ማጅራት ነው።

ውርጌሳን ስናልፍ ጋቢዬ ከበደኝ፣ መርሳ ስንደርስ አወለቅኩት። እኛ ደሴ ላይ አንድ በአንድ እያገላበጥን የምንገዛው ብርቱካን እዚያ መንገድ ዳር ክምር ነው። አንድ ገዛሁና በጥፍሬ መቦጨቅ ጀመርኩ። ሻጯ አሮጊት ወገቤ ላይ ያለውን ሰገባ አይታ «ቢላዋ ታጥቀህ በጥፍርህ?» አለችኝ። የተዝካር ቢላዋ ነው፣ ብርቱካን አልልጥበትም አልኳት። የማን ተዝካር ነው ብላ ጠየቀችኝ። የወንድሜ አልኳት፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ለማላውቀው ሰው መናገሬ ነበር። «እግዜር ያጥናህ» አለችና ሌላ ብርቱካን ጨመረችልኝ፣ እሱንም ራሷ ልጣ።

ወልዲያ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሙሉ ሴት ወይዘሮ ነች፣ ቀይ ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላዋ ግን ሽንኩርቱን ይጨፈልቀው ነበር። ማየት አልቻልኩም። መሳያዬን አውጥቼ በውሃ አረጠብኩና በሻካራው ጀምሬ በልስልሱ ጨረስኩላት። ድንጋዩ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ወሬው እንዴት እንደተሰማ አላውቅም፣ ራቴን ሳልበላ ጎረቤቱ ሁሉ ቢላዋ ይዞ በረንዳው ላይ መጣ። ሴትየዋ ሽሮዬን በቅቤ አቅርባ፣ አስቀድማ የሰጠችኝን ክፍል ቁልፍ ከእጄ ወሰደችና ሌላ ሰጠችኝ። «እዚያኛው ትኋን አለው» አለችኝ። ትኋኑን እያወቀች ነበር የሰጠችኝ ማለት ነው፣ ቢሆንም አመሰገንኳት።

ሁለተኛው ቀን፤ ከወልዲያ ሮቢት

ከወልዲያ መውጫ ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። «ስለት ያለው ነገር የያዘ ሳይፈተሽ ይናገር» አለ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝና ቢላዋዬን አወጣሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነው።»

«ቢላዋነቱንማ አየሁት። ለምን ይዘውት ይሄዳሉ?»

ወረቀቴን ሰጠሁት። አነበበውና ፊቱ ለስለስ አለ። «አባቴ፣ ይቅርታዎን። ወደዚያ ስለት እንዳይተላለፍ ታዘናል። ሲመለሱ ይወስዱታል» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሆነም። ያ ቢላዋ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ከዚያ ጨርቁን ፈታና ድንጋዩን አሸተተው።

«ሳሙና ነው?» ሳሙና ያኔ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር።

«መሳያ ነው።»

«ሠዓሊ ነዎት እንዴ?»

«የቢላዋ መሳያ ነው ልጄ።»

«ታዲያ ቢላዋ ከሌለ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ድንጋዩን መለሰልኝ። ሲያስቡት ጥያቄው ትክክል ነው።

ቢላዋ የሌለው አራጅ ሆኜ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ ሌሎች መኪኖች እስኪሰበሰቡ አስጠበቁን። ስንነሳ ጎብዬን አለፍን፣ ሮቢት ስንደርስ የኋላው ጎማ ከሥሬ ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ከሱ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሊመሽ ነው፣ ከመሸ መኪና አይንቀሳቀስም። ተሳፋሪው የሮቢት ሰው እየመጣ አንድ ሁለት እያለ ወደ ቤቱ ይወስደው ጀመር። እኛ ደሴ እንዲህ እናደርግ ይሆን ብዬ አሰብኩና መልሱን ተውኩት።

እኔን የወሰዱኝ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ጢማቸው ሸብቷል። ባለቤታቸው ዘይነባ ገና ከመግባቴ «ሥጋችን ላንተ አይሆንም፣ አውቃለሁ» ብላ የማሽላ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልኝ፣ ወተትም አመጣች። ቆላ ሲባል ሙቀት ብቻ ይመስለን የለ? ከምሽቱ ነፋስ ጋር ያንን ገንፎ ስበላ ደሴን ረሳኋት። ጋሽ ሰይድ ወዴት ነው ጉዞው አሉኝ።

«ቆቦ። ለሚካኤል ስለት ይዘህ ድረስ ተብዬ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል። እኛም ለሚካኤል እንሳላለን፤ ዘይነባ በደህና ስትገላገል ጧፍ አስገብታለች። ያንተ ስለት ምንድን ነው?»

«የአባቴ ቢላዋ ነው።»

«ቢላዋ? ለቤተ ክርስቲያን?»

«ምን ዋጋ አለው፣ ወልዲያ ላይ ወታደሮች ወሰዱት።»

«ስለቱን?»

«ስለቱን። መሳያው ግን አለ።»

ጋሽ ሰይድ ጠጋ አሉኝ። «መቼ ነበር የተሳልከው?»

«ገና አልተሳለም። ቆቦ ስደርስ ነው የምስለው።»

ጋሽ ሰይድ ዘይነባን አዩ፣ ዘይነባም እሳቸውን። «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው ስለት አስቀድሞ ይሳሉታል፣ የለመኑት ሲሰጣቸው ያስገቡታል። አንተ አስቀድመህ አስገብተህ ኋላ ልትሳል ነው?»

ይህን ጊዜ ነው የገባኝ። ድንጋዩን አውጥቼ አሳየኋቸው። ጋሽ ሰይድ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ዘይነባ በሻሿ አፏን ሸፈነች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ወንድሜን፣ ስልኩን፣ ተዝካሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ አለቀ። ጋሽ ሰይድም «እህትህ ይሄኛውን ስለት ማለቷን በምን አወቅህ?» አሉኝ።

«እንዴት በምን?»

«እናትህ ለልጇ የተሳለችው ነገር የለም?»

«እናቴ ያልተሳለችው ነገር የለም። ዶሮ ሲጠፋባትም ትሳላለች።»

«ለወንድምህስ?»

አሰብኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ለቀብር ደሴ የመጣች ጊዜ ስለ አራጋው ስታወራ ጃንጥላ የሚል ነገር ከአፏ ወጥቶ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ የእማዬን ስለት ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል። ጃንጥላ ያለች ይመስለኛል አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ወተት ጨመሩልኝ። ስለት የሚገባው የለመኑት ሲደርስ ነው።

ተቆጣሁ። በሰው ቤት፣ የሰው ገንፎ በልቼ ተቆጣሁ። «ጋሽ ሰይድ፣ በማያውቁት ነገር ተስፋ አይስጡኝ» አልኳቸው። «ተስፋ አልሰጠሁህም፣ ጠየቅኩህ እንጂ» አሉና የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ ደጅ በጀንዲ ቆዳ ላይ ተኙ። እኔ በተመቸው አልጋ ላይ ተገላበጥኩ። ሞቷል ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ከሞት ጋር ተስማምቼ ነበር። አሁን ደግሞ አንዷ ቃል ወዲህ ስትዞር ይሞታል፣ ወዲያ ስትዞር ይኖራል።

ሦስተኛው ቀን፤ ከሮቢት ቆቦ

ጋሽ ሰይድ ጧት ማሽላ የጫነ መኪና ለምነው ጆንያው ላይ አሳፈሩኝ። «የቱ ስለት እንደሆነ ስትመለስ ሳትነግረኝ እንዳታልፍ» አሉኝ። የቆቦን ሜዳ ያየሁት ከዚያ ጆንያ ላይ ነው። ደሴ ሰማዩ በጋራ መሃል የተጠቀለለ ነው፤ እዚህ መሬቱ ተዘርግቶ ተዘርግቶ በስተ ምሥራቅ ዞብል ተራራ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ግራና ቀኙ የደረሰ ማሽላ ነው፣ ጭንቅላቱ ከብዶት ያጎነበሰ። ግመሎች በመንገዱ መሃል እየሄዱ ለመኪናው አይለቁም፣ ሹፌሩም አይቆጣቸውም። እያየሁ ነበር፣ ግን ጃንጥላ ጃንጥላ የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ አላስደስተኝ አለ።

ዘነቡ በር ላይ አገኘችኝ። ለቅሶ የተቀመጠች ሴት አትመስልም። እማዬ ነጭ ለብሳ፣ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ ከውስጥ ወጣች። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቴን በእጆቿ ዳሰሰችና ሳመችኝ። ዘነቡ ቦርሳዬን አየች፣ ከቦርሳው ጎን የተንጠለጠለ ነገር እንዳለ ፈለገች። «ስለቱስ ጋሼ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የትኛው ስለት?» አልኳት።

ወደ ጎረቤት አጥር አየች። መልስ ሳትሰጠኝ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጓድ ሞላ በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ እንግዳ ሲመጣ መመዝገብ አለበት። አጥሩን የሚጋራቸው ጎረቤት ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ጠየቀኝ። እኔ ምን ልበል? ወረቀቴ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ነው። አውጥቼ ሰጠሁት፣ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው፣ «ለወንድሙ ለአራጋው ተዝካር።»

«ኧረ ምን በወጣው!» አለች እማዬ።

 ዘነቡ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ ጓድ ሞላ ዞረችና «እናት ናት ጓድ ሞላ፣ አላመነችም» አለችው። እንዲህ ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ ከምን እንደመጣ ግን አልገባኝም።

ጓድ ሞላ ቆቡን አወለቀ። «እኔ እኮ አንዳንድ ወሬ ደርሶኝ ሰሞኑን ስመላለስባችሁ ሰነበትኩ። አትቀየሙኝ። ሥራ ሆኖብኝ ነው። ነፍስ ይማር» አለ። ስሜን መዝግቦ፣ እጄን ጨብጦ ወጣ። ዘነቡ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አልኩ።

«ዝም በል ጋሼ። አንተ ስታወራ ገበያው ሁሉ ነው የሚሰማው፤ ሲከፋህም ሲደሰትም አንድ ነህ። ነገ ንጉስ ማሳ ይወስድሃል። እስከዚያ አንድ ቃል አትጠይቀኝ።» ንጉስ ባሏ ነው፣ ዝምተኛ ገበሬ፤ የሱን ፊት አይቼም ምንም አላነበብኩ።

እማዬ ቦርሳዬን ስትዳብስ መሳያውን አገኘችው። አሸተተችው። «ሳሙና አመጣህልኝ?» ብላ ውሃ አስፈስሳ እጇን ታጠበችበት። «አረፋ የለውም። ያሁን ጊዜ ሳሙና እንዲህ ሆነ?» አለች። 

አራተኛው ቀን፤ የዋጃ አቅጣጫ ማሳ

ንጉስ ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። ወደ ዋጃ በሚወስደው በኩል ሄደን ከመንገዱ ወጣንና ማሽላው ውስጥ ገባን። ማሽላው ከራሴ በላይ ነው፤ ጤዛው ትከሻዬን አራሰው። ንጉስ ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠኝ፤ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ አገዳ ነው፣ ደሴ ሲደርስ የደረቀውን ብቻ ነው የምናውቀው። እያኘክሁ ተከተልኩት። ምን እንደሚያሳየኝ አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት።

ማሳው መሃል ማማ አለ፣ ወፍ የሚጠበቅበት። ላዩ ላይ ራሱን በሻሽ የጠመጠመ ሰው ወንጭፍ እያጮኸ ግሪሳውን ያባርራል። ንጉስ አንዴ አፏጨ። ሰውዬው ወንጭፉን አስቀምጦ መውረድ ጀመረ። ቁመናውን አላወቅኩትም፣ ከስቷል። አወራረዱን ነው ያወቅኩት። አራጋው ከልጅነቱ ጀምሮ ከዛፍ ሲወርድ ግራ እግሩን ዘርግቶ አየር ላይ ይፈልጋል፤ እናቴ ሁልጊዜ ትወድቃለህ ትለው ነበር።

«ጋሼ፣ ተዝካሬን ልታወጣ መጣህ አሉኝ» አለ።

ዘነቡ ስለ ድምፄ በከንቱ ነው የሠጋችው። አንድም ቃል አልወጣኝም። አንገቱን ይዤ ቆምኩ፤ የላብና የጭስ ሽታው ገባኝ፣ አጥንቱ ከሸሚዙ ሥር ይቆጠራል። ጨዋታውን ሊቀጥል ፈልጎ «ቢላዋህስ የታለ?» ሲለኝ እሱም አልቻለም፣ አለቀሰ። ንጉስ ዞር ብሎ ማሽላ የሚያይ መሰለ።

ቁጭ ብለን ነገረኝ። ጦሩ ሲበተን ሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን ጫካ እየተኛ በእግሩ ነው የመጣው። ከተያዘ እንደ ከዳተኛ ነው የሚቆጠረው። ቆቦ መግባት አይችልም፣ እማዬን ያገኛት ከዘነቡ ጋር ማገዶ ለቃሚ መስላ እዚህ መጥታ ነው። ከሚካኤል በኋላ ዞብልን ተሻግሮ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር ሊወርድ ነው፣ ጊዜው እስኪያልፍ። «ጓድ ሞላ ወሬዬን ሰምቶ ነበር። ትናንት ያንተን ወረቀት ካነበበ ወዲህ ግን ሞቻለሁ» አለ። ንጉስ ማታ ራቱን ሲያመጣለት ነግሮት ኖሯል። እኔ ደሴ ላይ በስህተት ያስጻፍኩት ነገር ለሱ መከለያ ሆነለት። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ፣ አሁንም ድረስ አላውቅም።

ወገቡ ላይ ጊሌ ታጥቋል፣ የቆላ ሰው የሚይዘውን ጎባጣ ቢላዋ። ስለቱን በአውራ ጣቴ ሞከርኩት፣ ዱልዱም ነው። መሳያዬን አወጣሁ። አራጋው ከቅሉ ውሃ አፈሰሰልኝና እኔ ሳልኩለት። እጄ ሥራ ሲያገኝ ነው ድምፄ የተመለሰው። ሲያልቅ ድንጋዩን አንስቶ በመዳፉ መዘነው፣ ኪሱ ከተተው፣ አወጣው። «ይሄን ተውልኝ ጋሼ። ለመንገደኛ ይሆናል» አለ። ከሻካራው እንዲጀምር፣ በልስልሱ እንዲጨርስ፣ ድንጋዩን ሁሌ እንዲያረጥብ ነገርኩት። ገባኝ አለ። ደግሜ ነገርኩት። «ገባኝ እኮ ጋሼ» አለ። ሌላ የምለው ነገር ስላልነበረኝ እንደገና ነገርኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘነቡ በሹክሹክታ የልቧን ተናገረች። «ስልኩን የሚያገናኘው ሰው እየሰማ ‹አራጋው መጣ› ልበልህ? ለሚካኤል ስለት፣ የእማዬን፣ አልኩህ። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? አንተ ቢላዋ ታመጣለህ?»

«ሥጋ ቆራጭ ነኝ» አልኳት።

«ከሥጋ ቆራጭነትህ በፊት የእማዬ ልጅ አይደለህም?»

 ጃንጥላው ግን መገኘት አለበት፤ እማዬ ስለቷ ሳይገባ ቢቀር ልጇ እንደገና የሚወሰድባት ይመስላታል። ለታቦት የሚሆነው ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ከደሴ ነበር መምጣት የነበረበት። የቆቦን ሱቆች ዞርኩ፣ ያገኘሁት ተራ የዝናብ ጃንጥላ ነው፣ ጥቁር። ይዤው ስገባ ዘነቡ ተቀበለችኝ። ሣጥኗን ከፍታ የሰርጓን ካባ አወጣችና ዳር ዳሩን የዞረውን ወርቃማ ዘርፍ ትተረትር ጀመር። መርፌውን ይዛ እማዬ ዘንድ ተቀምጣ፣ እማዬ በጣቷ እየዳበሰች «እዚህ ጋ ሳስቷል» እያለቻት ጃንጥላው ላይ ሰፋችው።

አምስተኛው ቀን፤ ሚካኤል

ቆቦ ሚካኤልን ሲያከብር ደሴ ውስጥ ካየኋቸው ክብረ በዓሎች ሁሉ አቧራው ይበልጣል፣ እልልታውም እንዲሁ። የገጠሩ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነው የገባው። ስለት ያለበት ሁሉ ተሰልፏል፤ ጧፍ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ አንዱ ወይፈን ይጎትታል። ጓድ ሞላ ከግቢው በር ውጪ ዛፍ ሥር ቆሞ በሩቁ ሰላም አለኝ፣ አንገቱን በሐዘን ዝቅ አድርጎ። እኔም አንገቴን ዝቅ አደረግኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ።

ተራችን ደረሰ። እማዬን በግራ በቀኝ ደግፈን አቀረብናት። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ዘረጉት፤ ጥቁር ጨርቅ በወርቅ ዘርፍ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ግን አልገረማቸውም ወይ ዝም አሉ። ስለት ሲገባ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገራል፤ እንዲያ ነው ደንቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው እልል የሚባለው። ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ዘነቡ ክንዴን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ሚካኤል ምን አደረገልዎ?» አሉ ቄሱ ጮክ ብለው።

«ልጄን ከሩቅ መንገድ በሰላም አመጣልኝ» አለች እማዬ።

«የቱን ልጅዎን?»

 ዘነቡ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀረቀረችው። እማዬ ፊቷን ወደ ዞብል አዞረች። ከዚያ እጇን ስትዘረጋ የመጀመሪያውን ያገኘችው የእኔን እጅ ነው፣ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው።

«ይሄው። ይሄን» አለች።

እልልታው ተነሳ። ወንዱ አጨበጨበ፣ ሴቱ እልል አለ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። እማዬ እጄን ሳትለቅ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ ያን ያህል ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን። ማማው ላይ ሆኖ ይህ እልልታ ይሰማው ይሆን እያልኩ ነበር። አጠገቤ የቆመች ጧፍ የያዘች ሴት ልቧ ተነክቶ በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አልፏል» አለችኝ። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከደሴ» አልኳት።

ነጠላዋን ከፊቴ ላይ አነሳችና አየችኝ።

«ከደሴ ብቻ?»